በላፕቶፕ ብዙ ትራክ ለመቅዳት፦ በአነስተኛ ገንዘብ የትኛው ዕቃ ይሻላል?

ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፤ በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ነው የምትቀዱት? ዘፈኑ ሲያልቅ ስንት ትራክ (ለየብቻው የተቀመጠ ድምፅ) ይኖረዋል ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ቁጭ ብሎ መጀመሪያ ጊታሩን፣ ቀጥሎ ቤዙን፣ ከዚያ ድምፁን፣ በመጨረሻም አጃቢ ድምፆችን እየደራረበ ሠላሳና አርባ ትራክ ያለው ሥራ ሊሠራ ይችላል። በየትኛውም ደቂቃ ግን ወደ ላፕቶፑ የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ለዚህ ሰው ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ ይበቃዋል። አምስት ሆነው አብረው የሚጫወቱ፣ ድራሙም ጊታሩም ድምፃዊውም እኩል የሚቀዱ ከሆነ ግን ስምንት መግቢያ እንኳ ሊጠባቸው ይችላል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ስለሚያምታታ ነው። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት እኔና ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጥተን ባለ ስምንት ቻናል የዩኤስቢ ሚክሰር ገዛን። ካርቶኑ ላይ “ዩኤስቢ” የሚለው በትልቁ ተጽፏል፣ የጌን (ድምፅ ማጉያ) ቁልፎቹ በረድፍ ተደርድረዋል፣ ሻጩም “ለቀረጻ የተሠራ ነው” አለን። ድራሙ ላይ ሦስት ማይክ ተከልን፣ ጊታሩን በማይክ፣ ቤዙንና ኪቦርዱን በገመድ አስገባን፣ ድምፃዊዋን ጥግ ላይ አቆምንና ቀኑን ሙሉ ቀዳን። ማታ ፋይሉን ስንከፍተው የነበረው ሁለት ትራክ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ። ስኔሩ፣ ያ ጩኸታሙ ትንሽ ድራም፣ የድምፃዊዋን ድምፅ ውጦታል። ስኔሩን ዝቅ እናድርግ ብንል ድምፃዊዋም አብራ ትወርዳለች። ያን ቀን የዘፈነችውን ያህል ከዚያ በኋላ ዘፍና አታውቅም፤ ያ ቀረጻ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሚክሰሩ አልተበላሸም ነበር። የተሠራው እንዲያ ነው፦ ስምንቱን ድምፅ ውስጡ ደባልቆ፣ ውጤቱን ብቻ በዩኤስቢ ይልካል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ እያንዳንዱ አማራጭ ስናገር መለኪያዬ አንድ ነው፤ ስንት ድምፅ ተለያይቶ ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል?

ሳውንድ ካርድ፦ ሁለት፣ አራት ወይስ ስምንት መግቢያ?

ሳውንድ ካርድ፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስም ይባላል፣ ከማይኩ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል አጉልቶ፣ ወደ ዲጂታል ቀይሮ በዩኤስቢ ለላፕቶፑ የሚያቀብል ሳጥን ነው። የላፕቶፑ የራሱ የማይክ ቀዳዳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚቀበለው አንድ ድምፅ ነው፣ ሽሽታ ይጨምራል፣ ኮንደንሰር የሚባለው ስሜቱ ስል የሆነ ማይክ የሚፈልገውን፣ በማይኩ ገመድ የሚላከውን 48 ቮልት ኃይል (ፋንተም ፓወር)ም አይሰጥም።

ከባለ ሁለቶቹ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2፣ ሞቱ ኤም2 እና ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ በብዛት ይነሳሉ። በድምፅ ጥራት ብዙ አይራራቁም። ማይኩን አንድ ስንዝር ማንቀሳቀስ የሚያመጣው ለውጥ በእነዚህ ሳጥኖች መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። ስለዚህ የሚያዋጣውን፣ ለላፕቶፓችሁ ሲስተም ድራይቨሩ (ካርዱን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) በአምራቹ የሚታደሰውን ውሰዱ። መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ እርከን ወረድ ብለው ከሚገኙት ነው። ለምሳሌ ስካርሌት ሶሎ ሁለት መግቢያ ቢኖረውም የማይክ መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ለጊታር ገመድና ለኪቦርድ ነው። አኮስቲክ ጊታር እየተጫወታችሁ የምትዘፍኑ ከሆነና ለሁለቱም ማይክ ካስፈለጋችሁ ሶሎ አያገለግላችሁም።

ለአነስተኛ ቡድን ገንዘቡን የሚክስ ሆኖ ያገኘሁት ባለ አራቱን ነው። እዚህም ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል። ቤሪንገር ዩኤምሲ404ኤችዲ አራት የማይክ መግቢያ አለው። ሞቱ ኤም4ም “አራት” ይባላል፣ ነገር ግን የማይክ መግቢያዎቹ ሁለት ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ላይን ስለሆኑ ኪቦርድ ወይም ሌላ አስቀድሞ የጎላ ድምፅ ይገባባቸዋል እንጂ ማይክ አይሰካባቸውም። ኤም4 ግሩም ዕቃ ነው፤ ድራም ለመቅዳት ለሚፈልግ ግን 404ን ነው የምመክረው።

“በአራት ማይክ ድራም ይቀዳል ወይ?” ለሚል አዎ፣ በደንብ ይቀዳል። በእንግሊዛዊው የቀረጻ ባለሙያ በግሊን ጆንስ ስም የሚጠራው ዘዴ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አንድ ማይክ በእግር ለሚመታው ትልቅ ድራም ለኪኩ፣ አንድ ለስኔሩ፣ አንዱ ከላይ ወደ ስኔሩ ቁልቁል የሚያይ፣ አራተኛው መሬት ላይ ከሚቆመው ድራም፣ ከፍሎር ቶሙ በኩል በጎን ወደ ስኔሩ የዞረ። ምስጢሩ ያለው በርቀቱ ላይ ነው። ክር ውሰዱና አንዱን ጫፍ ስኔሩ መሀል ላይ ያዙ፣ ሌላውን ጫፍ ላይኛው ማይክ ድረስ ወጥራችሁ እዚያ ላይ ቋጠሮ አስሩ። ከዚያ የስኔሩን ጫፍ ሳትለቁ ክሩን ወደ ጎኑ ማይክ አዙሩት። ቋጠሮው ማይኩ አፍ ላይ እስኪያርፍ ማይኩን አስጠጉ ወይም አርቁ። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ የሚጓዘው 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ርቀቱ ከተዛነፈ ስኔሩ ሁለቱ ማይኮች ዘንድ በተለያየ ጊዜ ይደርስና ሲደባለቅ ይሳሳል፣ ወደ አንድ ጎንም ያጋድላል። በእኩል ርቀት ሲሆን ግን ስኔሩ መሀል ላይ ቁጭ ይላል። ድራሙ በአራቱ ማይክ ከተቀዳ በኋላ ቤዙም፣ ጊታሩም፣ ድምፁም በየተራ ይደረባል። ብዙ ጥሩ አልበም የተሠራው እንዲሁ በየተራ በመደረብ ነው፤ ለቤት ቀረጻ በር የከፈተው የቲያክ ፖርታስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣም አራት ትራክ ያለው ካሴት መቅጃ ነበር።

ሁሉም አንድ ላይ ካልተቀዳ የሙዚቃው ነፍስ ይጠፋል የምትሉ ከሆነ፣ እኔም በብዙ ሙዚቃ ላይ እስማማለሁ፣ ወደ ባለ ስምንት ትሄዳላችሁ። ቤሪንገር ዩኤምሲ1820 እና ታስካም ዩኤስ 16ኤክስ08 ሁለቱም ስምንት እውነተኛ የማይክ መግቢያ አላቸው። እዚህ ላይ ትልቁን ቁጥር አትመኑ። 1820 ላይ “18” የሚለው በማይክ ከሚገቡት ስምንት ሌላ በኦፕቲካል ገመድ የሚገቡ ስምንት ዲጂታል ቻናሎችንና ሌሎች ሁለት ዲጂታሎችን ይቆጥራል። ሦስተኛው ትውልድ ስካርሌት 18አይ8 ደግሞ “18” እየተባለ የማይክ መግቢያው አራት ብቻ ነው።

ኦፕቲካሉ መግቢያ ግን ከንቱ አይደለም። ኤዳት የሚባለው ይህ መስመር በ48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ ሲለካ፣ ስምንት ቻናል ይሸከማል። ዛሬ 1820ን የገዛ ሰው ነገ ገንዘብ ሲያገኝ እንደ ቤሪንገር ኤዲኤ8200 ያለ ስምንት የማይክ መግቢያ ያለው ሳጥን በአንድ ቀጭን ገመድ አገናኝቶ ማይኩን አሥራ ስድስት ያደርሳል። የመጀመሪያው ዕቃ አይጣልም። እንዲህ ቀስ በቀስ ለሚገነባ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ96 ኪሎኸርዝ ከቀዳችሁ ግን ያው ገመድ ወደ አራት ቻናል ይወርዳል።

ኃይሉንም አስቡ። ዩኤስቢ 2 በደንቡ የሚሰጠው 2.5 ዋት ነው። ባለ ሁለቶቹ ከላፕቶፑ ራሱ ይጠጣሉ፤ ስምንት ማይክ የሚያስተናግዱት ግን የራሳቸው አዳፕተር አላቸው። መብራት የማይደርስበት ቦታ ለመቅዳት ያሰበ ሰው ይህን ሳያይ መግዛት የለበትም።

ዩኤስቢ ሚክሰር

መድረክ ላይም ለምትጫወቱ ሚክሰር አጓጊ ነው፤ ለአንድ ዕቃ ከፍላችሁ ሁለት ሥራ ይሠራላችኋል። የሚወስነው የቻናሉ ብዛት ሳይሆን ዩኤስቢው የሚልከው ብዛት ነው። ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩ ባለ አሥር ቻናል ሆኖ ወደ ኮምፒውተር የሚልከው ሁለት ብቻ ነው። ሳውንድክራፍት ሲግኔቸር 12 ኤምቲኬ ግን 14 ቻናል ለየብቻ ያቀብላል። በዝርዝር መግለጫው ላይ “2 በ2” የሚል ካያችሁ ለብዙ ትራክ ቀረጻ እንዳልሆነ እወቁ፤ በአሁኑ ገበያ ከአነስተኞቹ ሚክሰሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አቅም ካለ፣ በታብሌት የሚታዘዘው ቤሪንገር ኤክስአር18 አሥራ ስድስት የማይክ መግቢያ ኖሮት 18 ቻናል በዩኤስቢ ይልካል፤ በየሳምንቱ መድረክ ላይ ለሚወጣ ቡድን ከሳውንድ ካርድ ይልቅ እሱ ያዋጣል።

ላፕቶፕ የማይፈልግ መቅጃ

ላፕቶፓችሁ ያረጀና የሚንገዳገድ ከሆነ ይህን መንገድ በቁም ነገር አስቡበት። ዙም ኤል12 ስምንት የማይክ መግቢያ አለው፣ ድምፁን ለያይቶ በኤስዲ ካርድ ላይ ይቀዳል፣ ሲፈለግ ደግሞ ራሱ ሳውንድ ካርድ ሆኖ ከላፕቶፕ ጋር ይሠራል። የቀድሞው ዙም አር16ም ስምንት ድምፅ በአንዴ ይቀዳ ስለነበር ያገለገለ ቢገኝ ዛሬም ይሠራል። ቀረጻ መሀል ላፕቶፑ ቀጥ ብሎ ሲቀር ከሚመጣው ጭንቀት ያድናችኋል። ካርዱን ወደ ላፕቶፕ ገልብጣችሁ በእርጋታ ትደባልቃላችሁ። ጉድለቱ ስክሪኑ ትንሽ መሆኑና ተጨማሪ ማይክ ቢያስፈልግ የማይሰፋ መሆኑ ነው።

ሁለት ሳውንድ ካርድ ወይም ብዙ ዩኤስቢ ማይክ ማጣመር

ይህን አልመክርም። “አራት ርካሽ የዩኤስቢ ማይክ ገዝቼ አራት ትራክ እቀዳለሁ” የሚል ሰው ብዙ ነው። እያንዳንዱ ዩኤስቢ ማይክ በውስጡ የራሱ ሰዓት አለው፣ ሁለቱ ሰዓቶች ደግሞ ፍጹም እኩል አይሄዱም። ከሚሊዮን 50 እጅ ብቻ ቢለያዩ በአምስት ደቂቃ ዘፈን መጨረሻ ላይ 15 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ የነበረው ድምፅ ወደ ማብቂያው እንደ ማሚቶ ይሆናል። በዊንዶውስ ላይ አሲዮ የሚባለውን ድራይቨር የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የሚያዩት አንድ ዕቃ ነው። ማክ ሁለቱን አጣምሮ እንደ አንድ ያሳያል፣ የሰዓቱንም ልዩነት ለማረም ይሞክራል። ለሁለት ካርድ የምታወጡትን ደምራችሁ አንድ ባለ አራት ብትገዙ ይሻላል።

መዘግየቱ

ሳውንድ ካርዱን ከገዙ በኋላ ብዙዎች “ተበላሽቷል” የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ድምፃዊው የራሱን ድምፅ በማዳመጫ ዘግይቶ ይሰማና ከምቱ ይወጣል። ላፕቶፑ ድምፁን የሚቀበለው በጥቂት በጥቂቱ እያጠራቀመ ነው፤ ማጠራቀሚያው ቡፈር ይባላል። በ48 ኪሎኸርዝ የ128 ሳምፕል (ልኬት) ቡፈር 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ 1024 ግን ከ21 ያልፋል፣ ያውም መግቢያና መውጫው ሳይደመር። ቡፈሩን ዝቅ ስታደርጉ ደካማ ላፕቶፕ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያስገባል።

ስለዚህ አቅሙ ውስን የሆነ ላፕቶፕ ያለው ሰው ዳይሬክት ሞኒተር ያለበትን ካርድ ይምረጥ። ድምፁ ላፕቶፑን ሳይዞር ከመግቢያው በቀጥታ ወደ ማዳመጫው ይሄዳልና መዘግየት የለም። ከላይ የጠራኋቸው ካርዶች በአንድም በሌላም መንገድ ይህን ያደርጋሉ። እንግዲያው በቅጂ ጊዜ ቡፈሩ ከፍ ቢል ግድ የለም።

ላፕቶፑ ራሱ

ለመቅዳት ብቻ አዲስ ላፕቶፕ አያስፈልግም። ስምንት ትራክ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ሲቀዳ በሰከንድ 9.2 ሜጋቢት ነው፤ ዩኤስቢ 2 በስሌት 480 ሜጋቢት ይሸከማል። ስለዚህ “ዩኤስቢ 3 ስለሆነ ይሻላል” ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትስሙ። ቦታ ግን ይበላል፤ ያው ስምንት ትራክ በሰዓት 4 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካላችሁ ወደ ኤስኤስዲ መቀየር ከማንኛውም ለውጥ የበለጠ ይታወቃችኋል። 8 ጊጋባይት ራም ለቀረጻ ይበቃል፤ ብዙ ፕለጊን፣ ማለትም ድምፁን የሚቀይሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ ስትደራርቡ ነው የሚጠበው።

በ24 ቢት ቅዱ፤ ቢቱ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል በዝርዝር እንደሚጻፍ ይወስናል። 96 እና 192 ኪሎኸርዝ የሚለው ማስታወቂያ አያታልላችሁ፤ ፋይሉን ያሳብጣል እንጂ በአነስተኛ ክፍል ውስጥ የተቀዳን ድምፅ አያሳምረውም። 24 ቢት ግን በእርግጥ ይጠቅማል፤ ድምፁ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ቢቀዳ ጥራቱ አይጎዳም፣ ዘፋኙ ድንገት ሲጮህም አይሰነጠቅም።

ቻርጀሩ ሲሰካ ማዳመጫው ውስጥ “እምምም” የሚል ከተሰማ፣ ለጊዜው ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ከመብራቱ መስመር እንጂ ከካርዱ አይደለም።

ማይክ

ብዙ ሰው በመጀመሪያ ኮንደንሰር ይመኛል፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያየው እሱን ስለሆነ። ኮንደንሰር ግን ሁሉን ይሰማል፤ የጎረቤቱን ወሬ፣ የላፕቶፑን ማራገቢያ፣ ከባዶ ግድግዳ የሚመለሰውን ማሚቶ። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ሲጫወት ደግሞ የድራሙ ድምፅ ወደ ሁሉም ማይክ ይገባል። ለእንዲህ ያለ ቀረጻ ዳይናሚክ የሚባለው፣ በቅርቡ ያለውን ድምፅ በይበልጥ የሚይዘው ማይክ ይሻላል። ሹር ኤስኤም57 እ.ኤ.አ. ከ1965፣ ኤስኤም58 ከ1966 ጀምሮ እየተሠሩ ነው፤ ስኔር፣ የጊታር አምፕ፣ ድምፅ፣ ሁሉንም ይችላሉ፣ ቢወድቁም በቀላሉ አይሞቱም። ስለዚህ ያገለገለ ለመግዛት ከማልፈራቸው ጥቂት ዕቃዎች ናቸው፣ አስመስሎ የተሠራው እንደሚበዛ ግን እወቁ። ፀጥ ያለ ክፍል ያለውና ብቻውን አኮስቲክ ጊታር ወይም ድምፅ የሚቀዳ ሰው እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ያለ ኮንደንሰር ቢወስድ ይደሰታል።

ለቤዝና ለኤሌክትሪክ ጊታር ማይክ አትጨርሱ። ካርዱ ላይ “ኢንስትሩመንት” የሚል መግቢያ ካለ ገመዱን በቀጥታ ሰክታችሁ፣ የአምፑን ጣዕም በኋላ በፕለጊን ትጨምራላችሁ።

የቀረው

ማዳመጫው ዝግ ይሁን፤ ክፍቱ ምቱን ወደ ማይኩ ያፈስሳል። ሶኒ ኤምዲአር 7506 ዝግ ነው፣ ለዓመታትም ብዙ ስቱዲዮ ውስጥ ኖሯል። ለኬብልና ለማይክ ማቆሚያ ከመጀመሪያው በጀት ያዙ፤ ስምንት መግቢያ ገዝቶ ሦስት ኬብል ብቻ ያለው ቡድን ባለ ሦስት መግቢያ ነው።

ሶፍትዌር ላይ ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩሉ። ማክ ያለው ጋራዥባንድን በነፃ ያገኛል። ሪፐር ምንም ሳይቀነስበት ለ60 ቀን ይሞከራል፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ቀልጠፍ ይላል፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። ኦዳሲቲ ነፃ ነው፣ ለቀላል ሥራ ያገለግላል። ከዕቃ ጋር በስጦታ የሚመጡት ቀለል ያሉ ፕሮግራሞች ደግሞ የትራክ ብዛት ሊገድቡ ስለሚችሉ፣ ዘፈን ከመጀመራችሁ በፊት ገደባቸውን እዩ።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የምታረጋግጡት አምራቹ አሁን ላላችሁ ሲስተም ድራይቨር እንዳለው ነው፤ ድራይቨሩ የቆመ ካርድ ምንም ቢያምር ሳጥን ብቻ ነው። ፋየርዋየር የሚባለው መሰኪያ ያለውን ተዉት፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ቀዳዳው የላቸውም። ከዚያ እያንዳንዱን የጌን ቁልፍ አዙሩ፣ የሚንኮሻኮሽ ካለ ስሙ፣ 48 ቮልቱን በኮንደንሰር ማይክ ሞክሩ።

ዕቃው ቤት ሲገባ፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ማይኮቹን በሙሉ ሰኩ፣ በሶፍትዌሩ ላይ ለየመግቢያው አንድ አንድ ትራክ ክፈቱ፣ ሁሉንም ለቅጂ አብሩ። ከዚያ ቅዱ የሚለውን ተጭናችሁ ከአንዱ ማይክ ወደ ሌላው እየሄዳችሁ በጥፍራችሁ ሽቦውን ጫር ጫር አድርጉ። የመጀመሪያውን ስትጭሩ የመጀመሪያው ትራክ ብቻ መንቀሳቀስ አለበት፣ ሁለተኛውን ስትጭሩ ሁለተኛው ብቻ። ሁለት ትራክ አብረው ከዘለሉ ወይም አንዱ ዝም ካለ፣ ያኔ ተመላልሳችሁ አስተካክሉ፤ ዕቃው የሚመለስበት ጊዜም ገና አላለፈም።